ሰሙን ለነጋዴ፣ ወርቁን ለተመልካች

በባንክ መስኮት ጀርባ የተቀመጠ አንድ ሰው ነበር። መነጽሩ ወፍራም ነው፤ ልቡም ከገንዘቡ ይልቅ ከመጽሐፉ ጋር ነው። ለአንዲት ደንበኛ ዶላር እየቆጠረ ስለሚያነበው የቻርልስ ዲከንስ ልብ ወለድ ሲያወጋት ሒሳቡን ያጎድልባታል። አለቃው ጠርቶ ይገሥጸዋል። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የግጥም መጽሐፉን ገጾች በቀለም ሰርዛ ትጠብቀዋለች። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ወደ ባንኩ ካዝና ክፍል ይወርድና የብረቱን በር ዘግቶ ብቻውን ያነባል። ከዕለታት አንድ ቀን እዚያው ሳለ ምድር ትናወጣለች። ሲወጣ ከተማዋ በሃይድሮጂን ቦምብ ወድማለች፤ ከእርሱ በቀር በሕይወት የተረፈ ሰው አይታይም። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል የፈረሰ ቤተ መጻሕፍት ያያል። ሕንፃው ቢፈርስም መጻሕፍቱ ደኅና ናቸው። የየወሩን ንባብ ከፍሎ ይደረድራል። ከእንግዲህ የሚገሥጽ አለቃ የለም፤ የምትሰርዝ ሚስት የለችም፤ ጊዜ ሞልቷል። አንዱን መጽሐፍ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል መነጽሩ ወድቆ ይሰበራል።

ይህ ታሪክ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው ኖቬምበር 20 ቀን 1959 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መነሻው የሊን ቬነብል አጭር ልብ ወለድ ሲሆን ለቴሌቪዥን የጻፈው ሮድ ሴርሊንግ ነው። እኔ ያየሁት ከተሠራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ወዳጄ በፍላሽ አምጥቶልኝ፣ ከሥራ መልስ በአንዲት ማታ ነው። እኔም በባንክ መስኮት ጀርባ የምውል ሰው ነኝ፤ እኔም በምሳ ሰዓት ግጥም እሞነጭራለሁ። ስለዚህ ያ መነጽር ሲሰበር ምን እንደተሰማኝ ለአንባቢ ማብራራት አያሻኝም።

ከዚያች ማታ በኋላ ግን የዚህን ጸሐፊ ሕይወት መከታተል ጀመርሁ። ያገኘሁት ሰው አስገራሚ ተረት ፈጣሪ ብቻ አልነበረም። እኛ ባለን ቃል ብጠራው ይሻለኛል፤ በሰምና ወርቅ የተናገረ ሰው ነበር። ወደዚያ መንገድ የገባው ግን ወዶ አልነበረም።

ሮድ ሴርሊንግ በዲሴምበር 25 ቀን 1924 በኒውዮርክ ግዛት በሲራክዩዝ ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። ያደገው በዚያው ግዛት በምትገኘው በቢንጋምተን ነው። አባቱ የምግብ ሸቀጥ ነጋዴ፣ በኋላም ሥጋ ሻጭ ነበር። ልጁ ሁለተኛ ደረጃን በጨረሰ ማግስት በ1943 ወታደር ሆነ። ቁመቱ አጭር ነበር፤ ቢሆንም አየር ወለድ ገባ፤ በጦር ሰፈሩም በዝንብ ሚዛን ቦክስ ተጋጠመ። በ1944 መጨረሻ ፊሊፒንስ፣ ሌይቴ ደሴት ላይ ዘመተ። በዚያ ሳሉ ከአውሮፕላን የተጣለ የምግብ ሣጥን አንድ ጓደኛውን ራሱ ላይ ወድቆ ገደለው። ሊያበላ የመጣ ሣጥን ገዳይ ሆነ። በኋላ በድርሰቶቹ ሁሉ የሚመላለሰው ያ የዕጣ ምጸት ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ካለ፣ መልሱ ከዚያ ጫካ ሩቅ አይመስለኝም። እርሱም ጉልበቱና የእጁ አንጓ ላይ ቆስሎ ተረፈ። አባቱ በልብ ሕመም ሲሞት ግን አጠገቡ አልነበረም፤ ገና ከጦር ሜዳ አልተመለሰም ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ለተመላሽ ወታደሮች በሰጠው የትምህርት ዕድል ኦሃዮ በሚገኘው አንቲዮክ ኮሌጅ ገብቶ በ1950 በሥነ ጽሑፍ ተመረቀ። ተማሪ ሳለ ትዳር መሥርቶ ስለነበር ገንዘብ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ አዳዲስ የአየር ኃይል ፓራሹቶችን እየዘለለ ይሞክር ነበር፤ ለአንድ ዝላይ 50 ዶላር። ሲመረቅ ሲንሲናቲ ከተማ በሚገኝ የራዲዮ ጣቢያ ተቀጠረ። ቀን የታዘዘውን፣ ሌሊት የራሱን ይጽፋል። ራሱ እንደተናገረው 40 ጽሑፎች በተከታታይ ተመልሰውበታል። ቀን ለእንጀራ፣ ሌሊት ለብዕር የሚሠራ ሁሉ ይህን ክፍል ሲያነብ ትንሽ ይጽናናል።

በሩ የተከፈተው በጃንዋሪ 12 ቀን 1955 ነው። «ፓተርንስ» የተባለው ድራማው በዚያች ማታ በቀጥታ ስርጭት ታየ። ታሪኩ በአንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ይካሄዳል፤ ጨካኙ አለቃ አንድን አንጋፋ ባልደረባ በወጣት ለመተካት ሲል ክብሩን በየስብሰባው እየገፈፈ ለሞት ያደርሰዋል። ያ ዘመን ድራማ አንዴ በቀጥታ ታይቶ የሚያልፍበት ነበር። «ፓተርንስ» ግን እጅግ ስለተወደደ ተዋንያኑ ከአራት ሳምንት በኋላ ተሰብስበው በቀጥታ ስርጭት ደግመው ተጫወቱት። ለዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ይህ ያልተለመደ ነገር ነበር። ሴርሊንግም የመጀመሪያውን የኤሚ ሽልማት አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር 11 ቀን 1956 ለአንድ የደከመ ቦክሰኛ የሙሾ ያህል የጻፈው «ሪኩዌም ፎር ኤ ሄቪዌይት» ታየ፤ ጃክ ፓላንስ ተጫወተበት፤ ሁለተኛው ኤሚ መጣ። በ31 ዓመቱ በአገሩ ከታወቁት የቴሌቪዥን ጸሐፍት አንዱ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሳንሱር ሲባል በእኛ አእምሮ የሚመጣው የመንግሥት መቀስ ነው። በሴርሊንግ አገር ግን መቀሱ በነጋዴ እጅ ነበር። በ1950ዎቹ የአሜሪካ ድራማ የሚታየው አንድ ኩባንያ ወጪውን ሲሸፍን ነው፤ የብዙዎቹ ፕሮግራሞች ስም እንኳ የባለገንዘቡ ስም ነበር። «ፓተርንስ» የታየው በአይብ አምራቹ በክራፍት ስም በሚጠራ ፕሮግራም ነው። ሌላው ፕሮግራም የብረታ ብረት ኩባንያ ስም ይዞ ነበር። ገንዘቡን የሚከፍል ሰው ደግሞ ደንበኛ እንዳይቀየመው ይፈራል። በ1959 ስለ ናዚዎች የኑረምበርግ ፍርድ በቀረበ የሌላ ጸሐፊ ድራማ ላይ እስረኞች የተገደሉበት «ጋዝ» የሚለው ቃል ከተዋንያኑ አንደበት ድምፁ እንዲጠፋ ተደርጓል፤ ምክንያቱም ከስፖንሰሮቹ አንዱ የጋዝ አቅራቢዎች ማኅበር ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ ቃሉን የከለከለ ሕግ አልነበረም። የከለከለው ምድጃ የሚሸጥበት ጋዝ ነው።

ሴርሊንግን ያቆሰለው ግን ከዚህ የባሰ ነበር። በኦገስት 1955 ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ከቺካጎ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ሚሲሲፒ ሄዶ ሳለ በነጮች ተገደለ። ሁለቱ ተከሳሾች ነጮች ብቻ በተቀመጡበት የዳኝነት ሸንጎ ነጻ ተባሉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ለአንድ መጽሔት ገንዘብ ተቀብለው መግደላቸውን ተናገሩ። ሴርሊንግ ይህን ሊጽፍ ተነሣ። አንድ ከተማ ገዳዩን ከመፍረድ ይልቅ እንዴት እንደሚደብቀው ሊያሳይ ፈለገ። ወሬው ሲሰማ ግን የነጭ የበላይነትን የሚያራምዱ ማኅበራት ስፖንሰሩን ማስፈራራት ጀመሩ። ባለገንዘቦቹም ብዕሩን ያዙበት። ሟቹ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ከውጭ የመጣ ባዕድ ሽማግሌ ሆነ። ቦታው ከደቡብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ኒው ኢንግላንድ ተዛወረ። ከመድረኩ ላይ የኮካ ኮላ ጠርሙስ እንኳ ተነሣ፤ ደቡብን ያስታውሳል ተብሎ። ድራማው በኤፕሪል 25 ቀን 1956 ሲታይ ኤሜት ቲል በውስጡ አልነበረም።

ተስፋ አልቆረጠም። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ታሪክ ደግሞ ጻፈው። ይህኛውም በጁን 19 ቀን 1958 ሲታይ ሟቹ ሜክሲኳዊ ወጣት፣ ዘመኑም ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የነበረው የ1870ዎቹ ዘመን ሆኖ ነበር። ስለ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የጻፈውም ድራማ ነበር። በዚያ ላይ እንደራሴዎቹ ስለ ወቅቱ ጉዳይ አንዳች እንዳይናገሩ ስለተከለከለ፣ ሴርሊንግ በምሬት፣ ታሪኩን ወደ 2057 ወስጄ ምክር ቤቱን በሮቦቶች ሞልቼው ቢሆን ኖሮ የተሻለ ነበር የሚል ሐሳብ ጻፈ። የምሬት ቀልድ ነበር። ዳሩ ግን የቀሪ ሕይወቱ ዕቅድ በዚያ ቀልድ ውስጥ ነበር።

ኦክቶበር 2 ቀን 1959 «ዘ ትዋይላይት ዞን» የተሰኘው ተከታታይ ድራማው በሲቢኤስ ጣቢያ ተጀመረ። ስሙን በእኛ ቋንቋ «የድንግዝግዝ ክልል» ብንለው ያስኬዳል፤ ቀንም ያልሆነ፣ ሌሊትም ያልሆነ። በዚህ ጊዜ ሴርሊንግ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን የሥራው ባለቤትና አዘጋጅም ሆነ። በልጅነቱ በሚያውቀው የካዩጋ ሐይቅ ስም ድርጅት አቋቋመ። ብዕሩን ለማስከበር ገንዘቡንም መያዝ እንዳለበት ተምሯል።

ሥራው ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ታዋቂው ጋዜጠኛ ማይክ ዋላስ በቴሌቪዥን ጠየቀው። የጥያቄው መንፈስ ከእንግዲህ ቁም ነገር መጻፍ ትተሃል ማለት ነው ወይ የሚል ነበር። ሴርሊንግም የወቅቱን የማኅበራዊ ችግር በቀጥታ መንካትን ከሆነ፣ አዎ፣ ትቻለሁ አለ። እዚያው ላይ አንድ አስቂኝ ነገር አወጋ። በአዲሱ ሥራ ከ18 ድርሰቶች የተለወጠበት አንድ መስመር ብቻ ነው። በእንግሊዝ መርከብ ላይ ያለ መርከበኛ ሻይ እንዲያመጡለት ያዛል። ከስፖንሰሮቹ አንዱ ግን ቡና ሻጭ ነበር። ስለዚህ «ሻይ» ቀርቶ ትሪ ይምጣልኝ አለ። እኛ የቡና አገር ሰዎች ይህን ስንሰማ መሳቅ አለብን። ሴርሊንግም ሳቀ፤ ትሪውን ሰጥቶ የሚፈልገውን ይዞ ወጣ።

ምን ይዞ እንደወጣ የታየው ቆይቶ ነው። በማርች 4 ቀን 1960 በታየው ክፍል፣ በአንድ ሰላማዊ ሠፈር መብራት ይጠፋል። አንድ ልጅ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን እንደ ሰው መስለው በመካከላችን ይኖራሉ ይላል። ከዚያ ወዲያ ማታ የሚያመሸው፣ መኪናው ራሷ የተነሣችለት፣ ቤቱ መብራት የበራለት ሁሉ ተጠርጣሪ ይሆናል። ጎረቤት ጎረቤቱን ይገድላል። እውነተኞቹ ባዕዳን ኮረብታው ላይ ቆመው ያያሉ፤ አንዲት ጥይት መተኮስ አላስፈለጋቸውም። የአሜሪካ ተመልካች በቅርቡ ያሳለፈውን የኮሚኒስት አደን ያስታውስ ነበር። እኔ ደግሞ ሳየው፣ ታላላቆቻችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ቀይ ሽብር የሚነግሩን ነገር ትዝ አለኝ፤ ሰው የገዛ ጎረቤቱን በር ሲያንኳኩ ሰምቶ ትንፋሹን የዋጠበት ዘመን። በ1960 በአሜሪካ የተጻፈ ተረት እዚህ ድረስ የሚደርሰው ወርቅ ስለሆነ ነው።

በኖቬምበር 1960 በታየ ሌላ ክፍል አንዲት ሴት ፊቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝታለች። አስቀያሚ ናት ተብላ ሐኪሞች ለመጨረሻ ጊዜ ሊያክሟት ይሞክራሉ። ፋሻው ሲፈታ ቆንጆ ሴት ናት፤ የአሳማ አፍንጫ የመሰለ ፊት ያላቸው ሐኪሞቹና አስታማሚዎቹ ናቸው። ከሌላው መለየት ወንጀል በሆነበት አገር መልክ የሚለካው በገዥው ሚዛን ነው። ስለ ቆዳ ቀለም አንድ ቃል አልተነገረም። ከ1958ቱ ድራማ ዋናውን ነገር የቆረጠው መቀስ ግን እዚህ የሚይዘው ጨርቅ አላገኘም። በ1961 አንድ የናዚ መኮንን ወደ ዳካው የእስረኞች ካምፕ እየተኩራራ ተመልሶ የገደላቸው ሰዎች መናፍስት ሲፈርዱበት አሳየ። በ1963 የሂትለር ጥላ አንድን አሜሪካዊ ወጣት ንግግር ሲያስተምር አሳየ። ነጋዴው መናፍስትንና ጥላዎችን አየ፤ ስለ መናፍስት የሚቀየም ደንበኛ የለምና ዝም አለ።

በአምስት ዓመት 156 ክፍሎች ታይተዋል። 92ቱን ራሱ ሴርሊንግ ጻፋቸው። ለድምፅ መቅጃ እየተናገረ ነበር የሚያስጽፈው። ሲጋራውን ይዞ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ታሪኩን በአጭር ንግግር ይከፍታል፤ በአጭር ንግግር ይዘጋል። ሁሉም ክፍል ግሩም ነው አልልም። እንዲህ የጻፈ ሰው ይደክማል፤ ኋላ ኋላ ድካሙ ይታያል። ቢሆንም በባለቅኔ ሚዛን ብንመዝነው ከ92 ቅኔ ጥቂቱ ከቀና ይበቃል።

እዚህ ላይ አንባቢን የምጠይቀው ነገር አለ። በ1956 ሟቹን ባዕድ ሽማግሌ ያደረገው ለውጥና በ1960 ፊቷን በፋሻ የጠቀለለው ብልኃት፣ ሁለቱም መሸፈኛ ናቸው። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድር ነው? አንጥረኛው መጀመሪያ ጌጡን በሰም ይቀርጸዋል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያፈስሰዋል፤ በባዶው ቦታ ወርቁን ይሞላዋል። ሰሙን የሚቀርጸው ግን የወርቁን መልክ የሚያውቀው ራሱ አንጥረኛው ነው። ሌላ ሰው መጥቶ በተሠራ ጌጥ ላይ ሰም ቢያፈስበት፣ ያ ቅኔ አይደለም፤ መድፈን ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ መጽሔት ግጥም ሰጥቼ ነበር። በየወሩ ወደ መስኮቴ ስለሚመጡ አንድ የጡረታ ባለመብት አባት ነበር የጻፍኩት። ገንዘባቸውን ሦስት ጊዜ ይቆጥሩታል፤ የሚቆጥሩት እንዳይጎድል ፈርተው ሳይሆን፣ ምናልባት ቢበዛ ብለው ተስፋ አድርገው ይመስለኛል። አዘጋጁ በትሕትና ጠርቶኝ ግጥሙ ያማረ ነው፣ ግን አንባቢን ያስከፋል፣ ማስታወቂያ የሚሰጡንንም ደስ አይላቸውም አለኝ። ተስማማሁ። ሽማግሌውን ዛፍ አደረግሁት፤ ገንዘቡን ቅጠል። ታተመ። ባልደረቦቼ ስለ ዛፉ አመሰገኑኝ። ሽማግሌውን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ወር አባታችን መጥተው ከመስኮቴ ፊት ሲቆሙ ቀና ብዬ ላያቸው አፈርሁ። «ልጄ፣ ደኅና አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። ዛፍ ያደረግኋቸውን አያውቁም።

ስለዚህ ሴርሊንግን ያለ ነቀፋ አላወድሰውም። ሰምም ዕዳ አለበት። የኤሜት ቲል ስም በድርሰቶቹ ውስጥ አልተጠራም፤ ስለ መናፍስትና ስለ ፋሻ የተመለከተ ሰው ሁሉ ወርቁን አግኝቷል ለማለትም አልደፍርም። የኋላ ዘመኑም ምሬት ነበረው። «ትዋይላይት ዞን» በ1964 ካበቃ በኋላ ድርሻውን ለጣቢያው ሸጠ፤ ተከታታዩም ለዓመታት እየተደገመ ለሌሎች ገንዘብ አስገኘ። በ1966 በጻፈው የቴሌቪዥን ፊልም አንድ ሰው አውሮፕላን ውስጥ ቦምብ ሲደብቅ አሳየ፤ ከታየ በኋላ ለአየር መንገዶች የማስፈራሪያ ስልክ መደወል ጀመረና መጻፉን ተጸጸተበት። ከ1970 እስከ 1973 በታየው «ናይት ጋለሪ» ስሙና ፊቱ ተፈልጎ ሥልጣኑ ግን በሌሎች እጅ ነበር። ከስፖንሰር ጋር ዕድሜውን የተሟገተው ሰው በማስታወቂያ ላይ ቆሞ ቢራ ሲያሻሽጥም ታይቷል። ይህን ጽፌ ልፈርድበት አይደለም፤ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው እንዲህ ባለ ነገር ለመፍረድ አይቸኩልም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት በኢታካ ኮሌጅ ወጣቶችን ጽሕፈት ያስተምር ነበር። ሲጋራው ልቡን ጎድቶት በጁን 28 ቀን 1975 በሮቼስተር ከተማ፣ ከልብ ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ በ50 ዓመቱ ዐረፈ። ከመሞቱ ከጥቂት ወራት በፊት በሰጠው ቃል፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ከጻፍኩት አንድም መስመር ባይታወስ ግድ የለኝም፤ ጸሐፊ ነበር ከተባልሁ ይበቃኛል የሚል መንፈስ ያለው ነገር ተናግሯል።

ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ሻይ አይጠራ ያለውን የቡና ነጋዴ ዛሬ ማንም አያስታውሰውም። ሰሙ ቀልጦ ፈስሷል። መንገዱ ላይ እርስ በርሱ የተገዳደለው ሠፈር፣ ፋሻዋ የተፈታላት ሴት፣ መነጽሩ የተሰበረበት የባንክ ሠራተኛ ግን አሉ።

እኔም ባለፈው ሳምንት ያችን የዛፍ ግጥም ከመሳቢያ አውጥቼ እንደገና ጀመርኋት። ከእንግዲህ ዛፍ የለባትም። የትም ባትታተም፣ አባታችን በሚቀጥለው ወር ሲመጡ ቀና ብዬ ላያቸው እችላለሁ።